በእንሰት የምትኖረው ትንሽ እንቁራሪት በምን ትለያለች?



ግንባታ ከመጀመሩ በፊት በአካባቢ ላይ የሚያስከትለው ተጽዕኖ እንዲጠና የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 299/1995 ከወጣ ወዲህ፥ መሐንዲስ ከአፈርና ከውኃ ጥናት ጋር የእንስሳት ዝርዝርም ይቀርብለታል። በዚያ ዝርዝር አንድ ስም በስሕተት ቢገባ፥ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ፍጥረት እንደ ተራ ተቆጥሮ መራቢያው ረግረግ በአፈር ሊደፈን ይችላል።

ለዚህ አፍሪክሳሉስ ኤንሴቲኮላ ጥሩ ምሳሌ ናት። እንግሊዛዊው የእንስሳት ሊቅ ማልኮም ላርገን እ.ኤ.አ. በ1974 ይህን ስም የሰጣት በእንሰት የምትኖር መሆኗን ለመግለጽ ነው። የምትገኘውም በደቡብ ኢትዮጵያ፥ ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅና በስተምዕራብ ባሉት ደጋማ ደኖች ነው።

ያገኛት ሰው አስቀድሞ የሚጽፈው ቀለሟን ነው፤ የሚሳሳተውም በዚሁ ነው። የእነዚህ ትናንሽ እንቁራሪቶች ቀለም በፀሐይ ሲነጣ በጨለማ ይደምቃል፤ ሂፔሮሊየስ በተባለው ተመሳሳይ ወገን ደግሞ ወጣቷና ያደገችው ሴት የተለያዩ ዝርያዎች እስኪመስሉ ድረስ የሚለያዩበት ጊዜ አለ። ይልቅስ ዓይኗን መመልከት ይበጃል። የሂፔሮሊየስ ብሌን በብርሃን ሲጠብ አግድም ይተኛል፤ የአፍሪክሳሉስ ግን እንደ ድመት ብሌን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሆኖም ፍለጋው የሌሊት ሥራ ነውና በጨለማ የሁለቱም ብሌን ሰፍቶ ክብ ይመስላል። የእጅ ባትሪ አብርቶ ብሌኑ እስኪጠብ ጥቂት መታገሥ የሚሰለቸው አጥኚ ዋናውን ምልክት ሳያይ ይመለሳል።

የቆመ ብሌን ብቻውን አይበቃም፤ ሌፕቶፔሊስ የሚባሉትም አላቸውና። እነዚህ ግን በአብዛኛው ገዘፍ ያሉ፥ ራሳቸው ሰፊ፥ ዓይናቸውም ጎላ ያለ ነው። በብዙዎቹ የአፍሪክሳሉስ ወንዶች ቆዳ ላይ ደግሞ በማጉያ መነጽር የሚታዩ ጥቃቅን እሾህ መሳይ ነጥቦች አሉ። ሌሊት መውጣት ያልሆነለት ሰው በቀን ቅጠሎቹን ይመርምር፤ ከዚህ ወገን ብዙዎቹ ዕንቁላላቸውን ቅጠል ላይ ጥለው ጠርዙን አጥፈው ያጣብቁበታል።

በዚያው ዓመት የተሰየመችው አፍሪክሳሉስ ክላርኬይ የምትታወቀው ከስምጥ ሸለቆ በስተምዕራብ ብቻ ስለ ሆነ፥ በዚያ በኩል ጥርጣሬው ይበረታል። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ የብሌኑ አቋም፥ የቆዳው ሁኔታ፥ ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ፊንጢጣ ያለው ርዝመት በሚሊሜትር፥ የቦታው ከፍታና የተቀዳው ድምፅ ይስፈር። እነዚህ ካልተሟሉ የወገኑ ስም ብቻ ተጽፎ የዝርያው ቦታ ባዶ ይተው።