አልነሣ ስላለ ኮምፒዩተር ምርመራ
ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተደረገ ንግግር



የዛሬው ነገራችን ለሚሰማው ሰው ትንሽ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት በተቀመጠው ኮምፒዩተር ውስጥ የልጆቻችሁ የየዓመቱ ውጤትና የምዝገባው መዝገብ ተከማችቶ ይገኛል። ይህ መሣሪያ አንድ ቀን ጧት አልነሣ ያለ እንደ ሆነ፥ ብዙ ሰው ወይም ሞቷል ብሎ ወደ ዕቃ ቤት ይጥለዋል፥ ወይም ወደ ከተማ ሰድዶ «ፎርማት ይደረግ» ይላል። ፊተኛው የመንግሥትን ገንዘብ ያጠፋል፤ ሁለተኛው ግን ከገንዘብ የሚበልጠውን መዝገቡን ያጠፋል። ፎርማት ማድረግ በዲስኩ ላይ የተጻፈውን መደምሰስ ነውና፥ ከጥቂት ዓመት በፊት የተመረቀ ልጅ ማስረጃውን ሊወስድ በመጣ ጊዜ የሚሰጠው ወረቀት አይገኝም። ስለዚህ በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት መስጠት አይገባም።

ኮምፒዩተር በተከፈተ ጊዜ ወደ ሥራው የሚገባው በየተራ ነው። አስቀድሞ ፓወር ሰፕላይ የሚባለው ሣጥን ከግድግዳው የመጣውን የ220 ቮልት ኃይል ወደ 12፥ ወደ 5ና ወደ 3.3 ቮልት ዝቅ አድርጎ ያከፋፍለዋል። ቀጥሎ በማዘርቦርዱ ላይ የሚኖረው ባዮስ የተባለው ትንሽ ፕሮግራም ነቅቶ ራሙንና ሌላውን ክፍል ይመረምራል። ይህ ራስን የመመርመር ልማድ የአይ ቢ ኤም ኩባንያ በነሐሴ 1973 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981) ባወጣው የግል ኮምፒዩተር ላይ ነበረ፤ ዛሬም አልቀረም። በመጨረሻ ዊንዶውስ ወይም የመሰለው ፕሮግራም ከዲስኩ ተነሥቶ ወደ ራም ይገባል። የመርማሪው ጥበብ ነገሩ ከነዚህ ከሦስቱ በየትኛው ላይ እንደ ቆመ መለየት ነው።

ቁልፉን ተጭናችሁ ብርሃንም ድምፅም ከሌለ፥ ጥፋቱ የሚፈለገው በኃይሉ መንገድ ላይ ነው። በዚያው ሶኬት የስልክ ቻርጀር ሰክታችሁ ሶኬቱን ፈትኑ፤ ስታቢላይዘር ካለ የእርሱን ፊውዝ ተመልከቱ፤ ከጀርባው ያለው ማብሪያ እንዳልተዘጋ አረጋግጡ። የሞኒተሩ የኃይል ገመድ ብዙ ጊዜ ከኮምፒዩተሩ ጋር አንድ ዓይነት ስለ ሆነ፥ ለውጦ መሞከር ይቻላል። በአንዳንዱ አሮጌ ሣጥን ጀርባ 115ና 230 የሚል ቀይ መለወጫ አለ፤ በአገራችን ኃይል ሁልጊዜ በ230 ላይ መቆየት አለበት። ልጅ በጨዋታ ወደ 115 ያዞረው እንደ ሆነ ሣጥኑ ሲሰካ ይቃጠላል። ሣጥኑን ራሱን ግን ማንም አይክፈተው፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም የሚመታ ኃይል በውስጡ ይቆያልና። መብራት ሄዶ ከተመለሰ በኋላ አልነሣ ያለ እንደ ሆነ፥ ገመዱን ነቅሎ ቁልፉን ግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭኖ መያዝና እንደ ገና ሰክቶ መሞከር አንዳንድ ጊዜ ይበቃል።

ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ የሆነ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሞኒተሩ መብራቱን፥ ገመዱም በሁለቱ ጫፍ መጥበቁን ካያችሁ በኋላ ጆሯችሁን ስጡ። መሣሪያው «ጢጥ» እያለ የሚጮኽ ከሆነ ጩኸቱ ቋንቋው ነው። ትርጕሙ እንደየሠሪው ኩባንያ ስለሚለያይ፥ ስንት ጊዜ እንደ ጮኸ፥ አጭር ወይም ረጅም እንደ ሆነ በወረቀት ጻፉት። በአቧራማ አገር ከሁሉ በፊት የሚጠረጠረው ራሙ ነው። ገመዱን ፈጽማችሁ ንቀሉ፤ በእጅ ላይ ያለው ስውር ኤሌክትሪክ እንዳይጎዳው የሣጥኑን ብረት ንኩ፤ የጎኑን ክዳን አንሡ። በራሙ ጫፍ ያሉትን መያዣዎች ወደ ውጭ ገፍታችሁ አውጡት፤ ወርቅማ ጥርሱን በንጹሕ ላጲስ በቀስታ አሹት፤ ፍርፋሪውን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ። በአፍ እፍ ማለት ምራቅ ስለሚረጭ አይገባም። ሲመለስ የራሙ ስንጥቅ ከማስገቢያው ጕብታ ጋር ገጥሞ፥ መያዣዎቹ «ቀጭ» እስኪሉ ይጫኑ። ሁለት ራም ካለ አንድ አንዱን ለየብቻ መሞከር የታመመውን ይለያል። ይህን የሚያህል ሥራ ለሠለጠነ መምህር የሩብ ሰዓት ነገር ሆኖ ሳለ፥ ስንት መሣሪያ በዚህ ምክንያት በየዕቃ ቤቱ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል!

ቀኑ ወደ ብዙ ዓመት በፊት የተመለሰ እንደ ሆነ፥ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲ አር 2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ደክማለች፤ መለወጥ ቀላል ነው። ሰዓቱን ስታስተካክሉ ግን ባዮስ የሚቈጥረው ከእኩለ ሌሊት መሆኑን አትርሱ፤ ለእኛ ከጧቱ 2 ሰዓት ለእርሱ 8 ሰዓት ነው። ዓመቱም የአውሮፓውያን ይሁን። የእኛን የጻፋችሁ እንደ ሆነ መሣሪያው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀርና፥ የኢንተርኔት ገጾች ብዙዎቹ አልከፈት ይሉታል።

በስክሪኑ ላይ የሚነሣበት ዲስክ አልተገኘም የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ከወጣ፥ ተሰክቶ የቀረ ፍላሽ ወይም ሲዲ አውጥታችሁ እንደ ገና ክፈቱ፤ ብዙ ጊዜ ሌላ ምክንያት የለውም። ካልሆነም ኮምፒዩተሩን አጥፍታችሁ የዲስኩን ሁለት ገመዶች አጥብቁ። ዲስኩ ግን ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማ እንደ ሆነ ወዲያው አጥፉት፤ ደጋግሞ መክፈት በላዩ ያለውን ጽሑፍ ያበላሻል። ያን ጊዜ መዝገቡን ቀድቶ ማውጣት የባለሙያ ሥራ ነው።

ሽማግሌዎች ሆይ፤ የአዲስ ኮምፒዩተር መግዣ ጥያቄ በወላጆች ጉባኤ በቀረበላችሁ ጊዜ «ራሙ ተጠርጓል ወይ? ባትሪው ተለውጧል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መሣሪያው ወደ ከተማ የሚሰደድ ከሆነም ርእሰ መምህሩ የታየውን ምልክትና የጩኸቱን ቍጥር በደብዳቤ ይጻፍ፤ «በዲስኩ ላይ የተማሪዎች ውጤት ስላለ፥ ተቀድቶ በእጃችን ሳይገባ ፎርማት እንዳይደረግ» የሚል ቃል ይጨምርበት፤ ጠጋኙም መቀበሉን ይፈርምበት።