ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን፦ ርቀቱ አንድ፣ ሰዓቱ ሁለት



በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል ያለው የአየር ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ርቀቱ ለሄያጁም ለተመላሹም እኩል ሲሆን ሰዓቱ ግን እኩል አይደለም። ከዋሽንግተን የተነሣ መንገደኛ በመካከል ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይደርሳል። ከቦሌ የሚነሣው ግን ቀደም ባሉት ዓመታት ሮም ላይ፣ ኋላም ደብሊን ላይ ለነዳጅ ሲያርፍ ኖሯል፤ በዚህ ዓይነቱ ጉዞም 16 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል።

ብዙ ሰው ይህን ልዩነት ለነፋስ ይሰጠዋል። በእርግጥም በ10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ መጪውን ይገፋል፣ ሄያጁን ይገታል። ነገር ግን ችግሩ የነፋስ ብቻ ቢሆን ኖሮ አይሮፕላኑ ነዳጅ ጨምሮ በቀጥታ በበረረ ነበር። ጨምሮ እንዳይጭን የሚያግደው ራሱ ቦሌ ነው።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ የዋሽንግተኑ የደለስ አይሮፕላን ማረፊያ ከፍታ ግን 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ሙቀቱ 20 ዲግሪ በሆነ ቀን የቦሌ አየር ከባሕር ወለል አየር በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። አየሩ ሲሳሳ የክንፉ የማንሣት ኃይል ይቀንሳል፤ የሞተሩም ግፊት እንዲሁ። በባሕር ወለል በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ተንደርድሮ የሚነሣ አይሮፕላን ያንኑ ክብደት ይዞ ከቦሌ ለመነሣት 310 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ያሻዋል። መንደርደሪያው ይረዝማል፤ ጎማውና ፍሬኑም ይፈተናሉ፤ መነሣቱ በመጨረሻው ቅጽበት ቢሰረዝ ፍሬኑ የሚያቆመው ጉልበት ከሲሶ በላይ ይጨምራልና። ስለዚህ ክብደት መቀነስ ግድ ይሆናል። የሚቀነሰውም ወይ ነዳጅ ነው፣ ወይ ዕቃ፣ ወይ ሰው። አንድ መንገደኛ ከነሻንጣው 100 ኪሎ ግራም ቢታሰብ፣ አንድ ቶን ነዳጅ ለመጨመር አሥር መንገደኞች ይቀራሉ ማለት ነው።

በደብሊን በኩል መሄድ መንገዱን እጅግ የሚያጣምም ይመስላል። በጠፍጣፋ ካርታ ላይ አትላንቲክን አቋርጦ የሚሰመረው ቀጥታ መሥመር ያሳስታል እንጂ፣ በሉል ላይ ክር ቢወጠር አጭሩ መንገድ በአውሮፓ በኩል ያልፋል። በደብሊን ሲታለፍ የሚጨምረው ርቀት 300 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ይህም የሃያ ደቂቃ በረራ ነው። ጊዜውን የሚበላው ማረፉ፣ ነዳጅ መቅዳቱና ዳግም መነሣቱ ነው።

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የዲዛይን ውል የተፈረመለት የቢሾፍቱ አካባቢ አዲስ አይሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በዚያ አየሩ በ4 በመቶ ያህል ይወፍራል። በማንሣት ኃይል ብቻ ሲሰላ ይህ ለ250 ቶን አይሮፕላን የ10 ቶን ጭማሪ ነው፤ በነዳጅ ቢተካ የሁለት ሰዓት በረራ ገደማ ይሆናል። ከዚህ አብልጠው ተስፋ የሚሰጡ ሰዎች ስሌታቸውን ቢያሳዩ መልካም ነው። የምዕራቡ ነፋስ እንደሆነ ከየትኛውም ሜዳ ለተነሣ አይሮፕላን ያው ነው፤ ከቢሾፍቱም ቢነሣ ፊት ለፊት ይጠብቀዋል።