ዶማ የያዘ ንጉሥ



ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው ክፉ ቀን የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው፤ የገበሬውም ማሳ ጦሙን አደረ። ያን ጊዜ ከላፍቶ በስተ ሰሜን በእንጦጦ ከተማቸው የነበሩት ዳግማዊ ምኒልክ ጎተራቸውን ለተራበ ከፈቱ፤ ደግሞም ዶማ አንሥተው በገዛ እጃቸው መሬት ቆፈሩ። እርግጥ የአንድ ሰው ዶማ አገር አይቀልብም። ነገር ግን ቁፋሮን ይንቅ የነበረው መኳንንት ንጉሡን ባየ ጊዜ ምን ምክንያት ይስጥ? እርሱም ቆፈረ።

ይህም ጌታችን በጸሎተ ሐሙስ ወገቡን ታጥቆ፥ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቦ ያሳየው ሥርዓት ነው። ካህናትም እስከ ዛሬ በየዓመቱ ጎንበስ ብለው የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ታዲያ በሳምንቱ ደጅ የምትጠናውን መበለት «ነገ ነዪ» ማለት ከወዴት መጣ? አለቃም ቢሆን፥ ዳኛም ቢሆን፥ የቤት ጌታም ቢሆን ዛሬውኑ ያስገባት፤ ጉዳይዋንም ይስማ።