ነቀዝና አይጥን ከጎተራ፣ መርዝን ከመኝታ ቤት እናርቅ
(ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ንግግር)

የዛሬው ጉዳያችን በቆሎው ከማሳ ከገባ በኋላ ቤት ውስጥና ጓሮ ስለሚያጠቃን ተባይ ነው።

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። የልማት ሠራተኛ ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ቀበሌ አንድ ጎበዝ አርሶ አደር በቆሏቸውን ነቀዝ ሲፈጅባቸው ምን ላድርግ ብለው ጠየቁኝ። እኔም «የነቀዝ ክኒን አለ» ብዬ አለፍኩ። የት፣ እንዴት፣ በማን እጅ የሚለውን አልነገርኳቸውም። እሳቸውም ከገበያ ገዝተው በየከረጢቱ ከተቱት። ከረጢቱ የተደረደረው ልጆቹ ከሚተኙበት መደብ አጠገብ ነበር። ሌሊት ሁለቱ ልጆች እያስመለሳቸው ነቁ። እናታቸው ቶሎ ወደ ውጭ ስላወጧቸውና ጤና ጣቢያ ስለደረሱ ተረፉ። ግማሽ ምክር ሰው ሊገድል እንደሚችል የተማርኩት ያን ቀን ነው።

ክኒኑ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ነቀዙን የሚገድለው ይህ ጋዝ ነው፤ ሰውንም ይገድላል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ ሰው ወይም ከብት በሚያድርበት ቤት በፍጹም አይገባም። የግድ ካስፈለገ ከመኖሪያ ቤት በራቀና አየር በማያስገባ ቦታ፣ በሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ይሠራ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማስመለስ ወይም የትንፋሽ ማጠር የታየበትን ሰው ወዲያው ወደ ንጹህ አየር አውጡ፤ ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ምን እንደተጠቀማችሁም ንገሩ።

ታዲያ ነቀዙን በምን እንከላከለው? «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለ፤ ዋናው ሥራ ቀድሞ መከላከል ነው።

ነቀዝ ብዙ ጊዜ የሚገባው ጎተራ ውስጥ ሳይሆን በቆሎው ገና ማሳ ላይ እያለ ነው። እንስቷ ፍሬውን በስታ እንቁላሏን ትጥልና ቀዳዳውን ትደፍነዋለች። ትሉ የሚያድገው ፍሬው ውስጥ ተደብቆ ነው። በሞቃት አካባቢ በ35 ቀን ገደማ አዲስ ነቀዝ ሆኖ ይወጣል። በታኅሣሥ ንጹህ የመሰላችሁ እህል ሰኔ ላይ ዱቄት ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሲደርስ ሳትዘገዩ ሰብስቡ፤ የተበሳውንና የሻገተውን ለዩ፤ አዲሱን ከአሮጌው አትቀላቅሉ፤ ጎተራውን ጠርጋችሁ፣ ስንጥቁን መርጋችሁ አስገቡ።

ቀጥሎ ማድረቅ ነው። እርጥበቱ ከ13 በመቶ በታች መሆን አለበት። መለኪያ ከሌላችሁ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት በቆሎና ደረቅ የገበታ ጨው ጨምሩ፤ በደንብ ነቅንቃችሁ ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጡት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እህሉ አልደረቀም፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ።

የደረቀውን በፒክስ ከረጢት አስቀምጡ። ይህ ከረጢት ከውስጥ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ ከውጭ አንድ ማዳበሪያ አለው። በደንብ ሲታሰር ውስጥ ያለው ነቀዝ አየሩን ይጨርስና ያለ መርዝ ይሞታል። አጠቃቀሙ እንዲህ ነው፦
1. ላስቲኮቹን በአየር ነፍታችሁ ቀዳዳ እንደሌለ አረጋግጡ።
2. የተፈለፈለ እህል ብቻ ጨምሩ፤ ቆረቆንዳ ላስቲኩን ይበሳል።
3. እየጠቀጠቃችሁ ሙሉ፤ የውስጡን ላስቲክ ጠምዝዛችሁ፣ አጥፋችሁ እሰሩ፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ በመጨረሻም የውጩን።
4. ከመሬትና ከግድግዳ አርቃችሁ በርብራብ ላይ አስቀምጡ። ቢያንስ ሁለት ወር አትክፈቱት።
ዘወትር የሚከፈት ከረጢት አይሠራም። ለቀለብ የሚሆነውን ለብቻው አስቀምጡ።

ፒክስን አይጥ ያበላሸዋል። እርሳስ በሚያሳልፍ ቀዳዳ ትንሽ አይጥ ይገባል፤ ቀዳዳውን በጭቃና በጠጠር ድፈኑ። የጎተራውን እግር ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉና ቆርቆሮ እንደ ጃንጥላ ግጠሙበት። ጎተራው ከዛፍና ከአጥር ይራቅ። አይጥ ግድግዳ ተጠግታ ስለምትሄድ ወጥመዱን በግድግዳው ጥግ አጥምዱ። የአይጥ መርዝ ልጅና ዶሮ የሚደርስበት ቦታ አይቀመጥ።

ስለ ጓሮ ጎመን አጭር ነገር ልጨምር። ክሽክሽ የሚጀምረው ከቅጠሉ ሥር ስለሆነ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቅጠሉን እየገለበጣችሁ እዩ። ጥቂት ከሆነ በጣት ጨፍልቁ፤ የበዛበትን ቅጠል ቆርጣችሁ ቅበሩ፤ በቀጭን የሳሙና ውሃ እጠቡት። ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ክብ ቀይ ጥንዚዛ አትግደሏት፤ ክሽክሽ የምትበላ ወዳጃችሁ ናት። መርዝ የግድ ከሆነ በመያዣው ላይ የተጻፈው ቀን ሳይሞላ ጎመኑን አትብሉ፤ ለገበያም አታውጡ። ባዶውን መያዣ ብሱትና ከጥቅም ውጭ አድርጉት፤ ውሃም ዘይትም አይቀመጥበት።

ሞዴል አርሶ አደር ማለት ጎረቤት አይቶ የሚከተለው ማለት ነው። እናንተ ክኒን መኝታ ቤት ብታስገቡ መንደሩ ያስገባል። ስለዚህ አንድ አደራ አለኝ። ዛሬ ቤት ስትገቡ ከባለቤታችሁ ጋር ሆናችሁ እህሉ ያለበትንና ልጆቹ የሚተኙበትን ቦታ ተመልከቱ። ክኒን ካለ አትንኩት፤ ቤተሰቡን በሙሉ ሌላ ቤት አሳድሩና የቀበሌያችሁን የልማት ሠራተኛ ጥሩ። በሚቀጥለው የልማት ቡድን ስብሰባም ያያችሁትን ንገሩን። እኔ ያን ጊዜ ያጎደልኩትን ግማሽ ምክር እናንተ ሙሉ አድርጋችሁ ለጎረቤት አድርሱ።