አዲስ ዜማ ከወዴት ይመጣል?
(በኢዮቤልዩው በዓል ጉባኤ የተነገረ ቃል)



አዲስ ዜማ የሚያወጣ ሰው ከወዴት አግኝቶ ያወጣዋል? ከላይ የሚሰጥ ጸጋ ነውን ወይስ በድካም የሚገኝ ሙያ? በወላይታ ሶዶ ወጣቶች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ለመዘመር በሚተጉበት በዚህ ጊዜ ይህ ጥያቄ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ አይደለም። አንዱ የአባቶች ዜማ ይበቃል፤ ምንም አይጨመር ይላል። ሌላውም መንፈስ ያነሣሣው ሰው መምህር አያሻውም ይላል። ሁለቱም የቅዱስ ያሬድን ሕይወት ቢመለከቱ መልሱን ያገኙታል።

ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም፤ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን የነበረ የዜማ አባት ነው። እንደሚተረከው በሕፃንነቱ ትምህርት አልገባው ስላለ ከአጎቱ ከአባ ጌዴዎን ሸሽቶ ሲሄድ ከአንድ ዛፍ ሥር ዐረፈ። በዚያም ትል ወደ ዛፉ ሊወጣ ስድስት ጊዜ ሞክሮ ሲወድቅ፤ በሰባተኛው ሲወጣ አየ። በዚህም ተመክሮ ወደ መምህሩ ተመለሰና ተማረ። ሦስቱ አዕዋፍ መጥተው ሰማያዊውን ዜማ ያሰሙት ከዚህ በኋላ ነው። እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይታሰብ፤ ትሉ አስቀድሞ ወጣ፤ አዕዋፉ ኋላ መጡ። ጸጋው የወረደው መጻሕፍትን አጥንቶ በተዘጋጀ ልብ ላይ ነው።

ደግሞም በ16ኛው መቶ ዓመት፤ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፤ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት አደራጁ። ከሰማይ የተሰማ የተባለው ዜማ እንኳ እንዳይጠፋ የሰው እጅና ቀለም አስፈልጎታል። የእነርሱም ሥራ በዘመኑ አዲስ ነበር፤ ነገር ግን አሮጌውን የሚጠብቅ አዲስ ነበርና ቤተ ክርስቲያን ተቀበለችው።

አዲስ ነገር አይጨመር ለሚሉት ትልቁ ምስክር ቅኔ ነው። ድጓው በየዓመቱ ሲደገም፤ ቅኔው ግን በየበዓሉ አዲስ ሆኖ ይቀርባል። ባለቅኔ ትናንት ያለውን ዛሬ ቢደግም ወይም የሌላውን የራሱ አስመስሎ ቢናገር ነውር ነው። ልኩ ግን የጸና ነው፤ ጉባኤ ቃና በ2 ቤት፤ ሥላሴ በ6 ቤት፤ መወድስ በ8 ቤት ይቆማል። ተማሪው ግሱንና አገባቡን ሲያውቅ ከሰው ተለይቶ ወደ ዱር ይወጣል፤ በዚያም ሰሙን ከወርቁ እያስማማ ቅኔውን ይቆጥራል። አንዳንድ ቀን ምሥጢሩ ወዲያው ይመጣለታል፤ አንዳንድ ቀንም ፀሐይ እስክትጠልቅ ቢቀመጥ ምንም አያገኝም። ቢያገኝም ባያገኝም በማግሥቱ ይወጣል። የቆጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያቃናለታል፤ ወይም ይጥለዋል። ቅኔው ሲጣልበት ተቆጥቶ የሄደ ባለቅኔ አይሆንም፤ ዝቅ ብሎ እንደገና የቆጠረ ግን ይሆናል።

በቅርቡ ዘመንም እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነበሩ። በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወልደው በስዊስና በካይሮ ሙዚቃ ተማሩ። በውጭ አገር ትምህርታቸውን ሊቀጥሉ ተስፋ ያደረጉበት በር ሲዘጋባቸው ዓለምን ትተው በግሸን ማርያም መነኰሱ፤ በዚያም ዐሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። ኋላ ወደ ፒያኖው ተመለሱ። በጎንደር የያሬድን ዜማ ሲያጠኑ የዜማ ተማሪዎች ያለ መጠለያ በሜዳ ሲያድሩ አይተው እጅግ አዘኑ። በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1967 ዓመት የመጀመሪያው የሙዚቃ ሸክላቸው በጀርመን አገር ሲወጣም ገቢውን ለችግረኞች አሰቡት። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። እኒህ እናት በተዘጋው በር ምክንያት ሥራቸውን አልጣሉም፤ ነገር ግን ለማን እንደሚሠሩ የሚያውቁ ሆኑ።

ወደ ወላይታም ሲመለሱ፤ በገድለ ተክለ ሃይማኖት ጻድቁ በዳሞት ንጉሥ በሞተሎሚ ዘመን ወንጌልን እንደ ሰበኩ ተጽፏል፤ የወላይታም ትውፊት ሞተሎሚን ከቀደሙት ነገሥታቱ ይቆጥረዋል። በእንዲህ ያለ አገር እናት ልጅዋን በምታባብልበት ቋንቋ እግዚአብሔር ሲመሰገን የሚያስደነግጥ ነገር የለበትም። ይልቅስ የሚያስፈራው ያለ ጥንቃቄ መሠራቱ ነው። በወላይትኛ አናባቢ ሲረዝምና ሲያጥር የቃሉ ትርጕም ይለወጣልና፤ ለአማርኛ የወጣውን ዜማ በወላይትኛ ቃል ላይ በግድ የሚጭን ሰው አጭሩን አርዝሞ፤ ረጅሙን አሳጥሮ፤ ምስጋናውን ትርጕም ያሳጣዋል። ስለዚህ ዜማ አውጪው አስቀድሞ ቋንቋውን ከሚያውቁ ሽማግሌዎች አፍ ይስማ፤ ዜማውንም ከመሪጌታው እግር ሥር ይማር፤ የሠራውንም በጉባኤ ከማሰማቱ በፊት ለሁለቱም ያሳይ።

ካህናትም ሊያስቡት የሚገባ ነገር አለ። ወጣቱ አዲስ መዝሙር ይዞ ሲመጣ ሳይሰሙ የሚመልሱት ከሆነ፤ ወጣቱ የሚሰማውን ሰው ሌላ ቦታ ይፈልጋል። ሰምተው ቢያርሙት ግን በሰባተኛው ይወጣል። አባ ጌዴዎን የሸሸውን ልጅ ተመልሶ ሲመጣ ባይቀበሉት ኖሮ ድጓው ዛሬ በማን አፍ ይዜም ነበር?

ለዚህች ቤተ ክርስቲያን የሚዘምሩትን ልጆች እግዚአብሔር ያብዛልን። አሜን።