ክኒኑ ከተሰጠ በኋላ

(በደጋፊዎቻችን ስብሰባ ላይ አንዲት የአእምሮ ሕክምና ነርስ ያደረጉት ንግግር)



ስለ አእምሮ ሕመምተኞች እንድናገር ስትጠሩኝ ስለ መድኃኒት እጥረት የምነግራችሁ መስሏችሁ ይሆናል። እጥረቱስ አለ። ዛሬ የምናገረው ግን መድኃኒቱ ተገኝቶ በበሽተኛው እጅ ከገባ በኋላ ስለሚሆነው ነገር ነው።

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። በሥራዬ መጀመሪያ ዘመን አንዲት እናት ወጣት ልጃቸውን ይዘው እሠራበት ወደነበረው ክሊኒክ መጡ። ልጁ እንቅልፍ አጥቶ፣ ሌላው ሰው ከማይሰማው ድምፅ ጋር ሲሟገት ሳምንታት አልፈው ነበር። ሐኪሙ ሃሎፔሪዶል አዘዘ። እኔም ክኒኑን ቆጥሬ ሰጠሁና «ጠዋትና ማታ ይዋጥ» ብዬ አሰናበትኋቸው። ወረፋው ረጅም ነበርና ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

በሦስተኛው ቀን የልጁ አንገት ወደ ኋላ ተጠመዘዘ፤ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቀለ፤ መንጋጋው ተቆለፈ። ጎረቤቱ ሁሉ «ርኩስ መንፈስ ነው» አለ። ቤተሰቡም ወደ ጸሎት ቤት ወስደው ሌሊቱን ሙሉ እጅና እግሩን ይዘው ሲጸልዩለት አደሩ። መድኃኒቱም ተጣለ። ከወር በኋላ ልጁን እንደገና ሳየው በገመድ ታስሮ ነበር።

ወገኖቼ፣ ያ የአንገት መጠምዘዝ የመድኃኒቱ ጠባይ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በተለይ ወጣት ወንዶችን የሚያገኝ የጡንቻ መኮማተር ነው፤ መፍቻው በመርፌ ሲሰጥ ብዙውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይለቃል። እናቲቱ፣ «ሲስተር፣ እንዲህ ሊሆን ይችላል ብትይኝ ኖሮ ልጄን እየሮጥኩ አመጣልሽ ነበር» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ለሁለት ደቂቃ ባስረዳቸው ይበቃ ነበር።

ስለ እነዚህ መድኃኒቶች እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ክሎርፕሮማዚን በፓሪስ ለአእምሮ ሕመምተኞች መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ለብዙ ዘመን ተቆልፎባቸው የነበሩ ሰዎች ወደ ቤታቸው ለመመለስ ችለዋል። በአገራችንም ለረጅም ዓመታት ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል በአዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ነበር፤ ዛሬ ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያዎችም እየወረደ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው የሚኖረው ከእናንተ ዘንድ ነው፤ በጉባኤ ከአጠገባችሁ ይቀመጣል። ነርሷ በወር አንድ ጊዜ ታየዋለች፤ በየቀኑ የምታዩት እናንተ ናችሁ። ልታውቋቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ እንደ እንጨት የደረቀ ሰውነት፣ ላብና የአሳብ መደናገር አንድ ላይ ቢመጡ፣ ወባ ነው ብላችሁ አታሳድሩት። ይህ እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ መድኃኒቶች አልፎ አልፎ የሚያመጡት፣ ሊገድል የሚችል አደጋ ነው። የሚቀጥለውን ክኒን ሳይሰጡ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል።

ሁለተኛ፣ መቀመጥ አቅቶት ከወዲያ ወዲህ የሚመላለስ፣ እግሩ አላርፍ ያለውን ሰው «ሕመሙ ባሰበት» ለማለት አትቸኩሉ። ይህም ከመድኃኒቱ ሊመጣ ይችላል። ነርሷ ካላስተዋለች መድኃኒቱ ይጨመርበታል፤ ጭንቀቱም ይበረታል። ጭንቀቱ ራስን እስከ ማጥፋት አሳብ ሊያደርስ ስለሚችል ቶሎ ንገሩን።

ሦስተኛ፣ ክሎርፕሮማዚን የደም ግፊትን ዝቅ ያደርጋል። ሕመምተኛው ከአልጋ ሲነሣ መጀመሪያ ተቀምጦ ጥቂት ይቆይ፤ ከዚያ ይቁም። አለዚያ ወድቆ ይሰበራል። ፀሐይም ቆዳውን በቀላሉ ታቃጥለዋለችና በእርሻ ላይ ባርኔጣ ያድርግ።

አራተኛው በተለይ የእኛን አብያተ ክርስቲያናት ይመለከታል። ሊትየም የሚባለው መድኃኒት ብዙዎችን ረድቷል፤ ነገር ግን የሚረዳው መጠንና የሚመርዘው መጠን እጅግ የተቀራረቡ ናቸው። በደም ምርመራ መጠበቅ ያለበትም ስለዚህ ነው። ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም ውሃ የማይጠጣበት ጾም ሊትየሙን በሰውነት ውስጥ ያከማቸዋል። የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ስታውጁ ሊትየም የሚወስደውን ወንድም «አንተ ሐኪምህን ሳትጠይቅ ከውሃ እንዳትከለከል» በሉት። እጁ ክፉኛ ቢንቀጠቀጥ፣ ቢንገዳገድ፣ አንደበቱ ቢተሳሰር ሰክሯል አትበሉ፤ ክኒኑን አስቀርታችሁ ወደ ሆስፒታል አድርሱት።

አምስተኛ፣ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉ የድብርት ክኒኖች በብዛት ቢዋጡ ልብን ያቆማሉ። ሞትን በሚመኝ ሰው እጅ የወር ክኒን አይሰጥም። ቁልፍ ባለው ሣጥን የቤት ሰው ይያዘው፤ የዕለቱን ብቻ ያውጣለት።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ሕመምተኛው ሲሻለው በጉባኤ ቆሞ ይመሰክራል፤ ሁላችንም እልል እንላለን። ከዚያ አንድ ሰው ተነሥቶ «ካመንክ ክኒኑን ጣል» ይለዋል። ክኒኑን የጣለ ሰው ለጥቂት ሳምንታት ደኅና ሊመስል ይችላል፤ ምስክርነቱም የጸና ይመስለናል። ሕመሙ ሲመለስ ግን «እምነት ጎድሎት ነው» ይባላል፤ በበሽታው ላይ በደለኛነት ተጨመረበት ማለት ነው። የሚጥል በሽታ ያለበትማ ፌኖባርቢታሉን በድንገት ቢያቆም ማባራት የሌለው መንፈራገጥ ሊገድለው ይችላል።

እግዚአብሔር እንደሚፈውስ አምናለሁ። ፈውሱ እውነተኛ ከሆነ ሐኪም ስለመረመረው አይጠፋም። መድኃኒት መቀነስ የሚገባው ቢሆን ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል። መጋቢዎችና ሽማግሌዎች በዚህ ነገር እንድትረዱን እለምናችኋለሁ፤ ከእኔ ቃል ይልቅ የእናንተ ቃል ይሰማልና።

ስለ ራሴም ልንገራችሁ። ከዚያ ልጅ ወዲህ መድኃኒት ከመስጠቴ በፊት የደም ግፊቱን እለካለሁ፤ ክብደቱን እመዝናለሁ፤ ሴት ከሆነች ስለ እርግዝና እጠይቃለሁ፤ ጫት፣ መጠጥ፣ ሌላም መድኃኒት እንዳለ እጠይቃለሁ። ከዚያ አብሮት ለመጣው ሰው የአደጋውን ምልክት እነግረዋለሁ፤ መልሶ እንዲነግረኝም አደርጋለሁ። ክኒን በፊቴ የሚውጥ ከሆነ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ አስውጠዋለሁ፤ አላዋርደውም፤ ብቻ ጥቂት አብሬው ተቀምጬ አጫውተዋለሁ።

ያልጠበቅሁት መልስም ሰምቻለሁ። አንድ አባት ክኒኑን ለምን እንደተዉ ስጠይቃቸው፣ «ያስርበኛል፤ ቤት ደግሞ የሚበላ የለም» አሉኝ። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የምግብ ፍላጎትን ይጨምራሉ። በባዶ ቤት ይህ ጭንቅ ነው። እርዳታችሁ ክኒን ብቻ ሳይሆን እህልም፣ የመመላለሻ ገንዘብም፣ የደም ምርመራ ክፍያም እንዲሆን የምለምነው ስለዚህ ነው። መድኃኒቱም ለሦስት ወር መጥቶ በአራተኛው ከሚቋረጥ፣ ለጥቂቶች ዓመቱን ሙሉ ሳይጓደል ቢደርስ ይሻላል።

ጌታችን ስለ ደጉ ሳምራዊ ሲናገር ሰውዬው ዘይትና ወይን አፍስሶ እንደ ሄደ አልነገረንም። ቁስለኛውን ወደ እንግዶች ማደሪያ አደረሰው፤ በማግሥቱ ለባለ ቤቱ ሁለት ዲናር ሰጠው፤ ተመልሶ እንደሚመጣም ነገረው። ዘይቱ በመንገድ ላይ ለአንድ ጊዜ ነበር፤ ቁስለኛው እስኪድን ጠባቂ ያስፈልገው ነበር።

ያ ልጅ ዛሬ በትንሽ መጠን መድኃኒት እየወሰደ ከእናቱ ጋር ይኖራል። በቀጠሮው ቀን ሁልጊዜ አብሮት የሚመጣው ያን ሌሊት ሲጸልይለት ያደረው ወንጌላዊ ነው። አሁንም ይጸልይለታል፤ ክኒኑንም ይቆጥርለታል።

ስለ እነዚህ ወገኖቻችንና ስለሚያስታምሟቸው ሁሉ በጸሎት አስቡን። ጌታ ይባርካችሁ።