ፋንሲዳር ለምን ተሸነፈ?

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2004 ለፋልሲፓረም ወባ ይሰጥ የነበረውን ፋንሲዳር በኮአርተም የተካችው የወባው ተውሳክ ፋንሲዳርን ስለተላመደ ነው። የታይላንድ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2003 ያሳተሙት የአንድ ኢንዛይም ቅርጽ የዚህን መላመድ ምሥጢር ያሳያል። ይህ ኢንዛይም ተውሳኩ ዲኤንኤ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ፎሌት ያዘጋጃል፤ ኤንኤዲፒኤች የተባለው ኑክሊዮታይድ ደግሞ ለሥራው ሃይድሮጂን ያቀብለዋል። ተመራማሪዎቹ ኢንዛይሙን ከነኑክሊዮታይዱ በክሪስታል መልክ አዘጋጅተው በኤክስሬይ ሲመረምሩት፣ የፋንሲዳር አንዱ ክፍል የሆነው ፒሪሜታሚን በተላመደው ተውሳክ ኢንዛይም ላይ ከተለወጠው 108ኛ አሚኖ አሲድ ጋር እንደሚጋጭ ታየ። መድኃኒቱ ቦታ ሲያጣ ኢንዛይሙ ግን ሥራውን ይቀጥላል።

ክሪስታል የቆመ ምስል ነው፣ ሕያው ኢንዛይም ግን ይንቀሳቀሳል የሚል ተቃውሞ ይነሳል። እውነት ነው፤ ሆኖም ተመራማሪዎቹ ያልተለወጠውንና የተለወጡትን ኢንዛይሞች ጎን ለጎን አነጻጽረዋል፤ የታየው ልዩነትም መድኃኒት በተላመዱ ተውሳኮች ላይ ከተገኘው ለውጥ ጋር ይገጥማል። ቅርጽ ማየት ብቻውን በሽተኛ አያድንም ለሚሉም መልስ አለ፦ ከዚሁ ምስል በመነሳት፣ ግጭቱን እንዲሸሽ ሆኖ የተቀረጸው ፒ218 የተባለ እጩ መድኃኒት በሰው ላይ እስከመሞከር ደርሷል። ስለዚህ የኢንዛይምን ቅርጽ ማጥናት የመድኃኒት ፍለጋው መነሻ እንጂ የቤተ ሙከራ ቅንጦት አይደለም።